የሙዚቃ ፋይሎችን ለኪስ ማጫወቻ በፎልደር ማደራጀት፦ ደረጃ በደረጃ

ዘፈኖቻችሁን በሙሉ ገልብጣችሁ ማጫወቻውን ስትከፍቱት፣ አንደኛው ዘፈን ካለቀ በኋላ አሥረኛው ይመጣል። ቀጥሎ አሥራ አንደኛው። ሁለተኛው የት እንደገባ አይታወቅም። አንዱ ድምፃዊ ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይታያል፣ ግማሹ ዘፈን ደግሞ «ያልታወቀ አልበም» ውስጥ ተከምሯል። ከዚያ ብዙ ሰው ማጫወቻውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እዚያው ላይ ስም መቀየርና ፋይል ማንቀሳቀስ ይጀምራል። በዚህ መንገድ አይስተካከልም። ጥቂት አልበም እንደጨመራችሁ መልሶ ይዘበራረቃል።

ሥራው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ማለቅ አለበት። ማጫወቻው ላይ የሚገባው ያለቀለት ቅጂ ብቻ ነው። ይህን ከያዛችሁ ቀሪው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኮምፒውተር፣ የማጫወቻው ገመድ ወይም የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ፣ እና ከሙዚቃችሁ መጠን ቢያንስ እጥፍ የሆነ ባዶ ቦታ ያስፈልጋችኋል። ሺህ ዘፈን ካላችሁ በአንድ ቁጭታ እጨርሳለሁ አትበሉ። በቀን የተወሰኑ አልበሞች እየሠራችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሲደክማችሁ የምትሠሩት ስህተት በኋላ ለማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ማጫወቻችሁ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ እንደ ፍላሽ ተከፍቶ ፎልደሮቹን ያሳያል? ካሳየ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። አይፖድ ከሆነ ግን ፎልደር ጎትቶ መጣል አይሠራም። ዘፈኖቹን የሚያውቀው በአፕል ፕሮግራም በኩል ሲገቡ ብቻ ነው። አይፖድ ያላችሁ ከዚህ መመሪያ የምትጠቀሙት ስለ ታግ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ስለተጻፈው መረጃ፣ የሚናገረውን 6ኛውን ደረጃ ነው።

1. መጀመሪያ ቅጂ ያዙ

ሙዚቃችሁ ያለበትን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቢሆን ጥሩ ነው። ዋናውን ከዚያ በኋላ አትንኩት። የምትሠሩት ቅጂው ላይ ነው፤ ስሙንም «ሥራ» በሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ በየትኛውም ደረጃ «ከት» አትጠቀሙ። ሁልጊዜ «ኮፒ» ብቻ። እኔ አንድ ጊዜ ፋይሎችን ከት አድርጌ ወደ ማጫወቻ ሳስገባ ገመዱ መሃል ላይ ተነቀለ፣ የሁለት አልበም ፋይሎች ከኮምፒውተሩም ከማጫወቻውም ጠፉ። ከእነሱ ውስጥ መልሼ ያላገኘኋቸው አሉ።

2. ማጫወቻችሁን ፈትኑት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፣ እና አብዛኛው ውድቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። ማጫወቻዎች ዘፈን የሚደረድሩት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። አንዳንዱ በፋይል ስም ይደረድራል። አንዳንዱ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ፣ ማለትም ታጉን ይከተላል። ርካሾቹ ደግሞ ምንም አይደረድሩም፤ ፋይሎቹ ሚሞሪው ላይ በገቡበት ቅደም ተከተል ያጫውታሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ሺህ ፋይል ስም ብትቀይሩ ልፋታችሁ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦

1. ሦስት ዘፈኖች ምረጡ። ስማቸውን 01፣ 02 እና 03 አድርጉ።
2. ማጫወቻው ላይ «ሙከራ» የሚል ፎልደር ክፈቱ። ስሙን በግዕዝ ፊደል ጻፉት፣ ፊደሉን ማሳየት መቻሉንም በዚያው ታዩበታላችሁ።
3. መጀመሪያ 03ን ብቻ ኮፒ አድርጉ። ሲጨርስ 01ን። በመጨረሻ 02ን።
4. በሥርዓቱ ኢጀክት አድርጋችሁ (ለመንቀል መዘጋጀታችሁን ለኮምፒውተሩ ነግራችሁ) ንቀሉትና ፎልደሩን አጫውቱ።

01፣ 02፣ 03 ብሎ ከሄደ በስም ይደረድራል፣ ዕድለኞች ናችሁ። 03፣ 01፣ 02 ብሎ ከሄደ የአገባብ ቅደም ተከተል ነው የሚከተለው፣ ስለዚህ 8ኛውን ደረጃ በጥንቃቄ አንብቡ። ስክሪኑ ላይ የሰጣችሁት ቁጥር ሳይሆን የዘፈኑ ርዕስ ከወጣ ታግ ያነባል ማለት ነው፤ ለእናንተ 6ኛው ደረጃ ዋናው ነው። የፎልደሩ ስም በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ወይም በጥያቄ ምልክት ከታየ ደግሞ ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት የለውም። የፋይሉ ጥፋት አይደለም።

ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉት።

3. የማያስፈልገውን አውጡ

«ሥራ» ፎልደር ውስጥ ግቡና መጀመሪያ የተደገሙትን አጥፉ። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ካለ መጠናቸውን አወዳድሩ፣ ብዙ ጊዜ ትልቁ የተሻለ ጥራት አለው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። በ128 ኪሎቢት (ለአንድ ሰከንድ ድምፅ የሚያዘው የመረጃ መጠን) የተቀዳ ዘፈን በኋላ ወደ 320 ተለውጦ ከሆነ መጠኑ ያድጋል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። የጠፋ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሁለቱንም በጆሮ ማዳመጫ ስሙና ወስኑ።

ቀጥሎ ዓይነታቸውን ተመልከቱ። ዊንዶውስ ላይ የፋይል ማለቂያዎች (በስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጡት ፊደላት) እንዲታዩ ከእይታ ሜኑ ውስጥ አብሩት፣ ካለበለዚያ የትኛው ኤምፒ3፣ የትኛው ፍላክ እንደሆነ አትለዩም። ኤምፒ3 ሁሉም ማጫወቻ ላይ ይሠራል። ፍላክ፣ ኤም4ኤ እና ኦግ የሚባሉት ሌሎች የድምፅ ፋይል ዓይነቶች ግን እንደ ማጫወቻው ነው፤ ከእሽጉ ጋር የመጣውን ወረቀት እዩ። ከሙዚቃ አፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ለመስማት ያወረዳችኋቸው ዘፈኖች አፑ ውስጥ የተቆለፉ ናቸው። ፋይላቸውን ብታገኙት እንኳ ማጫወቻው ላይ አይከፈትም፣ ጊዜ አታጥፉበት።

ቦታ ይበቃል ወይ? ሒሳቡ ቀላል ነው። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ በ320 የተቀዳው 2.4 ሜጋባይት ገደማ። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በ320 ከሆነ ወደ 10 ሜጋባይት ይጠጋል፤ 16 ጊጋባይት ካርድ ላይ ወደ 1,600 ይገባል ማለት ነው። ፍላክ ከዚህ ሁለት ሦስት እጥፍ ገደማ ይወስዳል። በትንሽ የጆሮ ማዳመጫ መንገድ ላይ ለምትሰሙት ሙዚቃ ፍላኩን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ኤምፒ3 የተለወጠውን ብታስገቡ ልዩነቱን የምትሰሙት አይመስለኝም።

4. የፎልደሩን አሠራር ወስኑ

ሁለት እርከን ይበቃል፦ ድምፃዊ፣ ከሥሩ አልበም። በየአልበሙ ውስጥ ዘፈኖቹ። ከዚያ በላይ አታጥልቁት። በዘፈን ዓይነት ከዚያ በዘመን ከዚያ በድምፃዊ እያሉ አምስት እርከን የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ በትንሽ ስክሪንና በአራት ቁልፍ አምስት ፎልደር መክፈት ምን ያህል እንደሚያሰለች የሚገባው ከተጠቀሙበት በኋላ ነው።

አልበሞቹ በወጡበት ዘመን እንዲሰለፉ ከፈለጋችሁ ዓመቱን ከፊት አድርጉት፦ «1998 - የአልበሙ ስም»። ግን አንድ አቆጣጠር ምረጡ። ከኢንተርኔት በራሱ የሚሞላው ዓመት በፈረንጅ ነው፣ የአልበሙ ሽፋን ላይ ያያችሁት በኢትዮጵያ ከሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያሉ። ሁለቱን ከቀላቀላችሁ አዲሱ አልበም ከአሮጌው በፊት ይሰለፋል።

የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው፦

- አልበም የሌላቸው ነጠላ ዘፈኖች፦ በድምፃዊው ፎልደር ውስጥ «ነጠላ» የሚል ፎልደር ክፈቱላቸው። ከአንድ ድምፃዊ አንድ ዘፈን ብቻ ካላችሁ ግን ለእሱ ብቻ ፎልደር አትክፈቱ፣ «ልዩ ልዩ» ውስጥ አስገቡት።
- ብዙ ድምፃውያን ያሉበት አልበም፦ አትበታትኑት። «ስብስብ» በሚል ፎልደር ሥር ሙሉ አልበሙን በአንድ ላይ አስቀምጡ።
- ሁለት ድምፃውያን አብረው የዘፈኑት፦ ዘፈኑ ያለበት አልበም የማን ነው? እዚያ ይቀመጥ። የእንግዳውን ስም ከዘፈኑ ርዕስ ጋር ጻፉት።
- ባለ ሁለት ሲዲ አልበም፦ የመጀመሪያውን 101፣ 102፣ የሁለተኛውን 201፣ 202 እያላችሁ በአንድ ፎልደር አድርጉ።
- ትረካ፣ ትምህርትና ንግግር፦ ከሙዚቃው ውጪ ለብቻው ዋና ፎልደር ይኑረው። ካለበለዚያ በዘፈቀደ ስታጫውቱ በሁለት ዘፈን መሃል የትረካ ምዕራፍ ይገባል።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ዘፈኖችን ከፎልደር ውጪ፣ ሚሞሪው ሲከፈት በሚታየው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አትደርድሩ። በድሮ ፎርማት በተዘጋጁ ትንንሽ ሚሞሪዎች ላይ ያ ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው 512 መዝገብ ብቻ ነው፣ ረጅም ስም ያለው አንድ ፋይል ደግሞ ሁለት ሦስቱን ይወስዳል። ገና ግማሹ ባዶ ሆኖ «ሞልቷል» የሚላችሁ ለዚህ ነው።

5. ስሞቹን አስተካክሉ

*ዜሮ ከፊት።* ብዙ ማጫወቻ ስምን የሚያነበው ፊደል በፊደል እንጂ እንደ ቁጥር አይደለም። 1፣ 10፣ 11፣ 2 ብሎ የሚደረድረው ለዚህ ነው። 01፣ 02፣ 10 ብላችሁ ጻፉ። ከመቶ በላይ ፋይል ያለበት ፎልደር ከሆነ 001 በሉ።

*የተከለከሉ ምልክቶች።* እነዚህን ስም ውስጥ አታስገቡ፦ ? * : / \ " < > |። የጥያቄ ምልክት ያለበት የዘፈን ርዕስ ካላችሁ ምልክቱን ተዉት። የፎልደር ስም በነጥብ ወይም በባዶ ቦታ እንዲያልቅም አታድርጉ፣ ዊንዶውስ ላይ መክፈትና ማጥፋት ሊያስቸግራችሁ ይችላል።

*አጭር ስም።* ፎልደሩ የድምፃዊውንና የአልበሙን ስም ይዟል። ፋይሉ ላይ መድገም አያስፈልግም። «01 - የዘፈኑ ርዕስ» ይበቃል። ካወረዳችሁበት ቦታ የተለጠፉትን የድረ ገጽ ስሞችና «አዲስ»፣ «ኦፊሻል» የሚሉትን ሁሉ ቁረጡ።

*አንድ አጻጻፍ።* እዚህ ላይ እንደ እኛ የሚቸገር ያለ አይመስለኝም። «ፀሐይ»ን አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ፀሀይ፣ አንዱ ጸሐይ፣ አንዱ ጸሀይ ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለማጫወቻው ግን አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዓለሙና አለሙም እንደዚያው። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የድምፃውያኑን ስም ዝርዝር አንድ ፋይል ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ሁልጊዜ ከእሱ ኮፒ እያደረጋችሁ ለጥፉ። በእጅ አትጻፉ። ከሁሉም ምክር ይህችን ብቻ ብትወስዱ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት ከሌለው ስሞቹን በላቲን ፊደል ከመጻፍ ውጪ ምርጫ የለም። ያኔም ያው ሕግ ነው። «ፀ»ን በምን ትጽፋላችሁ? «ቀ»ንስ? አንዴ ወስኑ፣ ዝርዝሩ ላይ ጻፉት፣ አትለዋውጡ።

ስም ስትቀይሩ ከነጥቡ በኋላ ያለችውን የፋይሉን ማለቂያ አትንኩ። እሷ ከጠፋች ማጫወቻው ፋይሉን አያየውም። በስህተት ካጠፋችኋት መልሳችሁ ጻፏት፣ ዘፈኑ ራሱ አልተበላሸም።

6. ታጎቹን ሙሉ

ማጫወቻችሁ ፎልደር ብቻ የሚያነብ ከሆነ ይህን ልትዘሉት ትችላላችሁ፣ ግን አልመክርም። ነገ ሌላ ማጫወቻ ትይዛላችሁ።

ታግ ማለት ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ መታወቂያ ነው፦ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ አልበም፣ የትራክ ቁጥር፣ ዓመት። የፋይሉን ስም ስትቀይሩ ታጉ አይቀየርም። «ስሙን አስተካክዬ ማጫወቻው ለምን የድሮውን ያሳየኛል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ለዊንዶውስና ለማክ ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ነፃ ነው። ሙዚቅብሬንዝ ፒካርድ ደግሞ ሊኑክስ ላይም ይሠራል፣ ዘፈኑን ከድምፁ ለይቶ መረጃውን ከኢንተርኔት ለማምጣት ይሞክራል። የአማርኛ ዘፈኖችን ግን ብዙውን አያገኝም፣ ሲያገኝም አጻጻፉ ከእናንተ ዝርዝር ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ያመጣውን ሳታዩ አታስቀምጡ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. አንድ የአልበም ፎልደር ብቻ ክፈቱ። ሁሉንም በአንዴ አትክፈቱ፤ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የሺህ ዘፈን ድምፃዊ አንድ ሰው ሊያደርገው ይችላል።
2. ሁሉንም ፋይሎች ምረጡና ድምፃዊ፣ አልበምና ዓመት ሙሉ።
3. «የአልበም ድምፃዊ» የሚለውንም አትርሱ። ስብስብ ከሆነ እዚህ ላይ ለሁሉም «ልዩ ልዩ ድምፃውያን» ብላችሁ ጻፉ፣ «ድምፃዊ» የሚለው ላይ ግን የየራሳቸውን። ይህ ካልተሞላ አሥር ዘፈን ያለው ስብስብ አሥር አልበም ሆኖ ይታያል።
4. ስማቸውን በደረጃ 5 ስላስተካከላችሁ «ከፋይል ስም ወደ ታግ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ቁጥሩንና ርዕሱን ከስሙ ላይ ወስዶ በራሱ ይሞላል።
5. አስቀምጡ። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱና መግባቱን እዩ።

የኤምፒ3 ታግ የሚጻፍበት ደንብ አይዲ3 ይባላል፣ የተለያዩ ስሪቶችም አሉት። አይዲ3 2.3 ብዙ ማጫወቻ ያነበዋል፣ 2.4ን ግን የቆዩት ብዙዎቹ አያነቡትም። ኤምፒ3ታግ ካልነካችሁት 2.3 ነው የሚጽፈው። ፒካርድ ላይ ግን ከማስተካከያው ገብታችሁ 2.3 ምረጡ። የመጀመሪያው ስሪት፣ አይዲ3 1፣ ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነው ያለው። ርዕሶቻችሁ መሃል ላይ ተቆርጠው ከታዩ ማጫወቻው እሱን እያነበበ ሊሆን ይችላል።

የአልበም ሽፋን ማስገባት ከፈለጋችሁ 500 በ500 ፒክስል የሆነ ተራ ጄፔግ ይበቃል። ትልልቅ ሥዕል ማጫወቻውን ያዘገየዋል፣ አንዳንዱንም ዘፈኑ ሲጀምር ያደርቀዋል።

7. ሚሞሪውን አዘጋጁ

አዲስ ካርድ ከሆነ የተጻፈበት መጠን እውነተኛ መሆኑን ሙዚቃ ሳትጭኑበት ፈትኑ። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ውስጡ 8 የሆነ ካርድ አለ፤ መጀመሪያ የገቡት ዘፈኖች ይሠራሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ዝም ይላሉ። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ኤፍ3 የሚባሉት ፕሮግራሞች ካርዱን ሞልተው መልሰው በማንበብ ያረጋግጡላችኋል። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ግን ያዋጣል።

ከዚያ ፎርማት አድርጉ። ማጫወቻው ራሱ ሜኑው ውስጥ ፎርማት የሚል ካለው በእሱ አድርጉት፣ የሚስማማውን እሱ ያውቃል። ከሌለው ኮምፒውተሩ ከሚያቀርባቸው የፎርማት ዓይነቶች ውስጥ፣ እስከ 32 ጊጋባይት ያሉትን ፋት32 አድርጉ። 64 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ካርዶች ሲሸጡ ኤክስፋት ናቸው፣ የቆየ ማጫወቻ ይህን ላያነብ ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ ለኪስ ማጫወቻ አትምረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል። ከመጫናችሁ በፊት የመረጣችሁት ድራይቭ ካርዱ መሆኑን በመጠኑ አረጋግጡ። ሌላ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ካለ ንቀሉት።

8. ወደ ማጫወቻው ኮፒ አድርጉ

በስም ወይም በታግ ለሚደረድር ማጫወቻ ሁሉንም ፎልደር በአንዴ ኮፒ ማድረግ ይቻላል።

በአገባብ ቅደም ተከተል ለሚያጫውተው ሁለት መንገድ አለ። ጥቂት አልበም ብቻ ከሆነ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ፣ እንዲሰለፉ በምትፈልጉት ተራ ኮፒ አድርጉ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትጀምሩ። ብዙ ከሆነ ግን ሁሉንም ኮፒ አድርጉና በመጨረሻ ሚሞሪው ላይ ያለውን መዝገብ በስም የሚደረድር ፕሮግራም አስኪዱበት። ዊንዶውስ ላይ ድራይቭሶርት፣ ሊኑክስ ላይ ፋትሶርት አለ። ዘፈኖቹን አይነኩም፣ የሚቀይሩት የመዝገቡን ተራ ብቻ ነው። አዲስ አልበም በጨመራችሁ ቁጥር ይህን መድገም አለባችሁ።

ሲጨርስ ኢጀክት ሳታደርጉ አትንቀሉ። ኮምፒውተሩ «ጨርሻለሁ» ካለ በኋላም ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል።

ሳይሳካ ሲቀር

*ማጫወቻው አዲሶቹን ዘፈኖች አያሳይም።* ታግ የሚያነቡ ማጫወቻዎች የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ሜኑው ውስጥ ላይብረሪ ማደስ የሚል ፈልጉ። ካደሰ በኋላም ከሌሉ የፋይሉን ማለቂያና ዓይነት እዩ።

*ላይብረሪውን ሲያድስ መሃል ላይ ይደርቃል።* አንድ የተበላሸ ፋይል ወይም በጣም ትልቅ ሽፋን አለ ማለት ነው። ከፎልደሮቹ ግማሹን አውጡና እንደገና ሞክሩ። ከሠራ ጥፋተኛው ያወጣችሁት ውስጥ ነው፤ ያን ደግሞ ለሁለት ክፈሉት። ሺህ ፋይል ቢሆን እንኳ በአሥር ሙከራ ገደማ ትደርሱበታላችሁ።

*እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይታያል፣ አንዱ አይከፈትም።* ከማክ ላይ ኮፒ ያደረጋችሁ ናችሁ። ማክ ለየፋይሉ በነጥብና በሥር መስመር የሚጀምር የተደበቀ ፋይል ይጨምራል፣ ማጫወቻው ዘፈን ይመስለዋል። ዊንዶውስ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ አጥፏቸው። መጠናቸው ትንንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይለያሉ፣ ግን ከማጥፋታችሁ በፊት የስሙን መጀመሪያ አረጋግጡ።

*አንድ አልበም ለሁለት ተከፈለ።* የአልበሙ ስም አንዱ ላይ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ አለው፣ ወይም አንድ ፊደል ይለያያል። በዓይን አይታይም። ሁሉንም ፋይሎች መርጣችሁ ስሙን እንደ አዲስ አንድ ጊዜ ጻፉባቸው።

*ታጉ ላይ አማርኛው እንግዳ ምልክት ሆኖ ወጣ፣ ኮምፒውተሩም ላይ ጭምር።* ይህ የፎንት ችግር አይደለም፣ ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚጽፉበት የጋራ ደንብ) በፊት በነበረ ሶፍትዌር የተጻፈ ታግ ሊሆን ይችላል። ለመለወጥ አትድከሙ። አጥፉትና ከፋይል ስሙ ላይ እንደገና ሙሉት።

*ድምፁ ከዘፈን ዘፈን ይጮኻል ይቀንሳል።* ይህ ከፎልደር ጋር አይገናኝም፤ ሪፕሌይጌይን (የዘፈኖችን ድምፅ ከፍታ የሚያመጣጥን መረጃ) የሚደግፍ ማጫወቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ አስልታችሁ ታጉ ውስጥ አስገቡት።

ሁሉም ሲስተካከል «ሥራ» የሚለውን ፎልደር አታጥፉት። ከአሁን በኋላ አዲስ ዘፈን ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው፣ ስሙና ታጉ እዚያ ይስተካከላል፣ ከዚያ ወደ ማጫወቻው ይሄዳል።